«የግል ተበዳይ አልቀረበችም»

በችሎት ዋዜማ ስልኬ አያርፍም። በማግስቱ የሚመሰክሩት ይደውላሉ። ታክሲ ከየት እንደሚይዙ፣ መታወቂያ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ልጅ ይዞ መምጣት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁኛል። ሁሉንም እመልሳለሁ፤ ነገር ግን የደወሉት ለዚህ እንዳልሆነ ስለማውቅ ስልኩን ለመዝጋት አልቸኩልም። ዋናው ጥያቄ የሚመጣው «ደኅና እደሪ»፣ «ደኅና ይደሩ» ከተባባልን በኋላ ነው።

«እሱም እዚያ ይኖራል?»

ይኖራል። ተከሳሽ የሚመሰክርበትን ሰው የመስማትና የመጠየቅ መብት አለው። ብከሰስ እኔም የምፈልገው መብት ስለሆነ አከብረዋለሁ። ስለዚህ «አዎ፣ ይኖራል» እላለሁ። ይህን ቃል በግልጽ መናገር የተማርኩት ግን አንድ ጊዜ ደብቄ ካየሁት በኋላ ነው። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ ይህንኑ ስትጠይቀኝ «አይዞሽ፣ አታይውም» አልኳት። ሐሰት አልነበረም። ልጆች የሚመሰክሩት ከችሎቱ በተለየ ክፍል ሆነው ነውና እሷ አታየውም። እሱ ግን በቴሌቪዥን እንደሚያያት ሳልነግራት ቀረሁ። በምስክርነቱ መሀል ቀና ስትል ግድግዳው ላይ ያለውን ካሜራ አየችው። «ይህ ምንድን ነው? በዚህ ያየኛል?» አለችኝ። መልስ ስፈልግ ቆየሁ። ልጅቷ ወንበሯን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ በዚያ ቀን ሌላ ቃል አልተናገረችም። ያንን የዞረ ወንበር እስካሁን አልረሳሁትም። ፈርታ አልነበረም ዝም ያለችው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ያመነችው አንድ ሰው እኔ ነበርኩ፤ እኔም አታለልኳት።

ሥራዬን ዘመዶቼ እንኳን በትክክል አያውቁትም። ጠበቃ የምመስላቸው አሉ፤ ፖሊስ ጣቢያ የምሠራ የሚመስላቸውም አሉ። እኔ ሶሻል ወርከር ነኝ። ላለፉት ዐሥራ ሦስት ዓመታት በአዲስ አበባ ወንጀል የተፈጸመባቸውን ልጆችና ሴቶች፣ ወንጀል ሲፈጸም ያዩ ምስክሮችንም ከፖሊስ ጣቢያ እስከ ችሎት ሳጅብ ቆይቻለሁ። ከዚህ ሁሉ ሰው የሚያውቀው፣ በዜናም የሚታየው፣ ለሕፃናት ምቹ የሆነው ችሎት ነው። እንዴት እንደሚሠራ ላላየው ሰው ልንገር። ክፍሎቹ ሁለት ናቸው። በአንደኛው ዳኞች፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ተከሳሽና ጠበቃው ይቀመጣሉ። በሌላው ልጁና እኔ ብቻ ነን፤ አሻንጉሊት፣ የሥዕል ወረቀትና ቀለም እርሳስ አለ። የዳኛው ወይም የጠበቃው ጥያቄ በጆሮ ማዳመጫ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ልጁ በሚገባው ቋንቋ እጠይቀዋለሁ፤ መልሱን ችሎቱ በቴሌቪዥን ያያል፣ ይሰማል። «ድርጊቱ የተፈጸመበትን ሁኔታ ለችሎቱ ያስረዳ» የሚለው በእኔ አፍ «ያን ቀን የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» ይሆናል።

የሚከብደው ቃላቱን ማቅለል አይደለም። ከጥያቄው ምንም ሳይጨምሩ ምንም ሳይቀንሱ ማድረስ ነው። ጠበቃው «ለምን አልጮኸችም?» ካለ፣ ደሜ ቢፈላም ያንን ጥያቄ መጠየቅ አለብኝ። ባለሰልሰው፣ ቅርጹን ብለውጠው፣ ልጅቷን ያገዝኩ ይመስለኝ ይሆናል፤ በይግባኝ መዝገቡ ሲመረመር ግን የፈረሰው የእሷ ቃል ይሆናል።

ዛሬ ልጽፍ የተነሳሁት ስለ አንዲት ልጅ ነው። ስሟን አልጽፍም፤ ሠፈሩንና አንዳንድ ምልክቶችንም ቀይሬአለሁ። በዐሥራ አምስት ዓመቷ ከጎጃም ገጠር መጥታ በሰው ቤት ተቀጠረች። ደመወዟ በወር 1,200 ብር ነበር። ዐሥራ ስድስት በሞላት ክረምት የአሠሪዋ ወንድም በሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ደፈራት። ለማንም ሳትናገር ሦስት ቀን ሥራዋን ስትሠራ ቆየች። በአራተኛው ቀን በመንገዱ ማዕዘን ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ የጉሊት እናት «ምን ሆነሻል?» ሲሏት አለቀሰች። ጉሊታቸውን በጆንያ ሸፍነው፣ እጇን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ያደረሷት እኚህ ሴት ናቸው። የዚያን ቀን ገበያቸውን ማንም አልከፈላቸውም።

አራተኛ ቀን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ብዙ ሰው ስለማያውቅ እዚህ ላይ ቆም ልበል። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ መጠን ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና የሕጉን ጉዳይ በአንድ ቦታ የሚያስተናግድ ማዕከል አለ፤ ተበዳይዋ ታሪኳን በየቢሮው እንዳትደጋግም ተብሎ የተቋቋመ ነው። ወደዚያ ከመሄድ በፊት ገላን አለመታጠብ፣ ልብስን አለማጠብ ያስፈልጋል። ልብሱ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ይጠቅለል፤ በፌስታል ውስጥ እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃው ይበላሻል። እናቶች ልጃቸውን መጀመሪያ የሚያጥቡት ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ማንም አልነገራቸውም። እባካችሁ ንገሩ። የእኔዋ ልጅ በየቀኑ ታጥባ፣ ልብሷንም አጥባ፣ አስጥታ፣ ተኩሳው ነበር የመጣችው።

ስለዚህ መዝገቡ የቆመው በሁለት ሰዎች ቃል ላይ ነበር። በእሷና በአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ልጁ እናቱ በዚያው ግቢ ከተከራየችው ክፍል ደጃፍ ተቀምጦ ሰውየው ወደ ሰርቪስ ቤቱ ሲገባ፣ ቆይቶ ሲወጣ፣ ከዚያ እሷ ስትወጣ አይቷል።

በፍርድ ቤት ቋንቋ ወንጀል የተፈጸመበት ሰው «የግል ተበዳይ» ይባላል። ቃሉ ከመለመዱ የተነሳ እኔም ቀኑን ሙሉ እጠቀምበታለሁ፤ ነገር ግን «የግል» የምትለዋ ቅጥያ ሁልጊዜ ትቆረቁረኛለች። ክሱን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ አስገድዶ መድፈር ተበዳይዋ «ትቼዋለሁ» ስላለች የሚቀር ክስ አይደለም። ሰዎቹ ግን «የግል» የምትለውን ይዘው ይመጣሉ፤ የግሏ ከሆነ በግል ይለቅላት፣ እኛም በግል እንጨርሰው ይላሉ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ዕለት እሷ፣ የጉሊቷ እናት፣ ልጁና እናቱ ሁሉም ቀረቡ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኮሪደሩ ላይ ነበርን። ስለ ፍርድ ቤት ሲወራ የሚወራው ስለ ችሎቱ ነው፤ የእኔ ሥራ ግማሹ ግን ኮሪደሩ ነው። በብዙ ቦታ የምስክሮች ማረፊያ የሚባል ለብቻው የተሠራ ክፍል የለም፤ የተከሳሽ እናትና የተበዳይ እናት አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። የትኛው ወንበር ከደረጃው እንደሚርቅ፣ እስረኞች በየት በኩል እንደሚገቡ፣ የትኛው ጸሐፊ በር ላይ ብንቆም እንደማይቆጣን ዐውቄዋለሁ። ውሃና ዳቦ ይዤ እሄዳለሁ፤ ምስክር ባዶ ሆዱን መጥቶ ሲወድቅ አይቻለሁና። ሲማሉ የትኛውን እጅ እንደሚያነሡ አሳያለሁ። አንዱ ሲመሰክር ሌላው እንዳይሰማ ምስክሮች ከችሎት እንዲወጡ ሲታዘዝ፣ ካልተነገራቸው የተባረሩ ይመስላቸዋል፤ ያንን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ምን ብለው እንደሚመሰክሩ ግን አላስጠናም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ያወቅኸውን አውቃለሁ፣ ያላወቅኸውን አላውቅም፣ የረሳኸውን ረስቻለሁ በል። ሦስቱም መልስ ናቸው።»

እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ ጸሐፊዋ ብቅ ብላ ዳኛ ስላልተሟላ ተለዋጭ ቀጠሮ መሰጠቱን ነገረችን። ቀጠሮው ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ነበር።

በሁለተኛው ቀጠሮ ዳኞቹ ተሟሉ፤ መብራት ጠፋ። ካሜራ ከሌለ የልጆች ምስክርነት የለም። ልጁ የሥዕል ወረቀቱን ሞልቶ፣ አሻንጉሊቶቹን ሁሉ በቁመታቸው ደርድሮ ጨረሰ። እሷ ከጥግ ወንበር ላይ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ምንም ሳትነካ ተቀመጠች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠን። ወደ ታክሲ ስንወርድ «እትዬ፣ መብራቱን እነሱ ናቸው ያስጠፉት?» አለችኝ። አልሳቅኩም። ባለ ገንዘብ ሰው ሁሉን ማድረግ እንደሚችል እያየች ላደገች ልጅ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሠፈሩ በሙሉ መጥፋቱን፣ ከፊት ለፊት ያለው ባንክ እንኳን ጄኔሬተር እንዳስነሣ አሳየኋት። ድምፁን ቆማ አዳመጠች። ከዚያ «እሺ» አለች።

በእነዚህ ሁለት ቀጠሮዎች መካከል ሽማግሌዎቹ ሥራቸውን እየሠሩ ነበር። መጀመሪያ ወደ አጎቷ፣ ከዚያ እስከ ገጠር ድረስ ወደ አባቷ ሄዱ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ካህን ነበሩ። ማንም አላስፈራራም። ይህንን ደግሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ በውጭ ላለ ሰው ሁልጊዜ ዛቻ ያለ ይመስለዋል። ቡና ተፈላ፣ ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡና ስለ አዝመራው አወሩ። ከዚያ «የልጅዎን ስም በአደባባይ አያስጠፉ» አሉ። «ወንድምየው ወጣት ነው፣ ሰይጣን አሳሳተው» አሉ። 20,000 ብር አመጡ። ከመካከላቸው አንዱ «ካስፈለገም ያገባታል» ብሏል።

ይህች የመጨረሻዋ ቃል የዱሮ ሕግ ትዝታ ናት። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው ወይም ጠላፊው ተበዳይዋን በፈቃዷ ካገባት ክሱ ይቀር ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘግቶታል፤ ለዚህም የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሳሰሉ ብዙ ደክመዋል። የቤተሰብ ሕጉም ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል። ሕጉ ተለውጧል፤ በአባቷ ቤት ቡና የጠጡት ሰዎች አእምሮ ውስጥ ግን አሮጌው ሕግ ገና ሥራ ላይ ነው። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለን። ምስክርን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወርን፣ ማንነቱን መሰወርን፣ በመጋረጃ ጀርባ ሆኖ መመስከርን ሁሉ ያስባል። ሕይወቱ ለከባድ አደጋ ለተጋለጠ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ለቡናው ግን አንቀጽ የለውም።

ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ስልኳ ዝግ ነበር። አባቷ ጠርቷት ወደ ገጠር ሄዳለች። የችሎቱ ጸሐፊ የሚያነበውን እያንዳንዷን ቃል በቃሌ አውቃታለሁ። ተከሳሽ ቀርቧል። ዐቃቤ ሕግ ቀርቧል። የግል ተበዳይ አልቀረበችም። ችሎቱም በፖሊስ ተይዛ እንድትቀርብ አዘዘ። ፖሊሱ በመዝገቡ ወዳለው አድራሻ ሄደ። በመዝገቡ ያለው አድራሻ የተደፈረችበት ቤት ነው። በአራተኛው ቀጠሮ «በአድራሻዋ አልተገኘችም» የሚል ደብዳቤ መጣ።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ይታወቃል። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ባገኘ ጊዜ የማንቀሳቀስ መብቱ ተጠብቆ መዝገቡ ይዘጋል። በጣም ጨዋ የሆነ ዓረፍተ ነገር ነው። በሥራዬ ዘመን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም፤ ተመልሶ የተከፈተ መዝገብ ግን በእጄ ጣት እቆጥራለሁ። ከዚያም በየቢሮው «ምስክር ጠፋ» ይባላል። እንደ ላም፣ እንደ ቁልፍ ጠፋ። ይህቺን ቃል መስማት አልችልም። ሁለት ጊዜ ሌሊት ተነሥታ፣ ተጉዛ፣ ተቀምጣ፣ ተመልሳለች። ያኔ አልጠፋችም ነበር። የነበረችበትን ሁለት ቀን ያባከንነው እኛ ነን።

ልጅቷ ብቻ አልነበረችም ዋጋ የምትከፍለው። የልጁ እናት በዚያው ሳምንት ከቤት አከራይዋ፣ ማለትም ከተከሳሹ እኅት፣ «ቤቱን ለዘመድ ፈልጌዋለሁ፣ በወሩ ልቀቂ» የሚል ቃል ደረሳት። ሰባት ዓመት የኖረችበት ክፍል ነው። ወደ እኔ መጥታ አላለቀሰችም፤ ተቆጣች። «እናንተ ልጄን ትወስዱታላችሁ፤ ከዚያ ማታ የምንገባበትን ቤት ማን ይሰጠናል?» አለች። መልስ አልነበረኝም፤ የለኝምም። ምስክርነት የዜግነት ግዴታ ነው ይባላል። ያች ሴት ያንን ግዴታ በጨመረ ኪራይና ልጇን በአዲስ ትምህርት ቤት በማስመዝገብ ከፈለችው። ለአራት ቀን ዕቃዋን ጫንን፣ አወረድን፤ የጉሊቷ እናት የልጅ ልጆቻቸውን ልከው አገዙ። በሥራ መዘርዝሬ ውስጥ አልጋ መሸከም የለም። እሷ ግን ልጇን ወደ ችሎት ይዛ መምጣቷን አላቆመችም፤ ለምን እንደሆነም አልጠየቅኋትም።

አምስተኛው ቀጠሮ የመጨረሻ እንደሆነ ተነግሮን ነበር። የጉሊቷ እናት የልጅቷን ታላቅ እኅት ስልክ ቁጥር ይዘው እንደነበር ያወቅሁት ከቀጠሮው በፊት በነበረው ሳምንት ነው። ደወልን። እኅቷ «እነግራታለሁ» ብላ ዘጋች። ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማንም።

በቀጠሮው ዋዜማ፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። «እትዬ፣ አውቶቡስ ተራ ነኝ።»

ለብቻዋ ነበር የመጣችው። አባቷ እንደማያውቅ ነገረችኝ። በሴቶች መጠለያ ማደሪያ አገኘንላት፤ ማታ ስናወራ እንዴት ቀኑን እንዳስታወሰች ጠየቅኳት። መቀነቷን ፈታ አራት ቦታ የታጠፈ፣ ጠርዙ ያለቀ ወረቀት አወጣች። የመጀመሪያው ቀጠሮ መጥሪያ ነው፤ በጀርባው የቀጣዮቹን ቀጠሮዎች ቀን እኔው በእስክሪብቶ ጽፌላታለሁ። የመጨረሻውን እኅቷ ናት የጻፈችው። ማንበብ የምትችለው ጥቂት ነው፤ ቁጥር ግን ታውቃለች። «እሱም ይኖራል፣ አይደል?» አለችኝ። «ይኖራል። አንቺ አታይውም፤ እሱ በቴሌቪዥን ያይሻል። እኔ አጠገብሽ ነኝ።» ዝም ብላ ቆየች። «ካየኝ ይየኝ» አለች።

በማግስቱ እሷ አርባ ደቂቃ ያህል መሰከረች። ቃሏን እዚህ አልደግመውም፤ ለችሎት የሰጠችው እንጂ ለእኔ ገጽ የሰጠችው አይደለም።

የልጁን ግን ልንገር። ክሱ ድርጊቱ የተፈጸመው ነሐሴ 12 ቀን ነው ይላል። የተከሳሹ ጠበቃ ደንበኛቸው ከነሐሴ 10 ጀምሮ አዳማ እንደነበረ ሊያስረዱ ተዘጋጅተዋል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ቀኑ ላይ ወደቀ። በማዳመጫዬ «ይህ የሆነው በስንት ቀን ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። ልጁን ጠየቅሁት። ትከሻውን ሰበቀ። «አላውቅም» አለ። እኔም በማይክሮፎኑ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ልጁ ቀን በቁጥር አይዝም፤ ጥያቄውን በሌላ መንገድ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ» አልኩ። ጠበቃው ተቃወሙ። መልሱን ልታመለክተው ነው አሉ። ትክክል ነበሩ ለመፍራት፤ በአፌ ላይ «በዓል ነበር ወይ?» የሚል ጥያቄ ተዘጋጅቶ ነበርና ያንን ብል ኖሮ ስህተት ነበር። ሰብሳቢዋ ዳኛ ጥቂት አሰቡና «ያን ጊዜ እሱ ራሱ ምን እየሠራ እንደነበረ ይጠየቅ» አሉ።

«አንተ ያን ጊዜ ምን እየሠራህ ነበር?»

«ጅራፍ እየገመድኩ።»

«ጅራፉን ለምን ፈለገው?» አሉ ዳኛዋ። ጠየቅሁት።

እንዴት አታውቂም በሚል ዓይን አየኝ። «ነገ ቡሄ ነዋ!»

ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። በማዳመጫው ውስጥ ወረቀት ሲገለበጥ ይሰማኛል። ልጁ ግን አልጨረሰም ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ቀጠለ። «ሙልሙል እሰጥሃለሁ ብላኝ ነበር። ስትወጣ ጠየቅኋት። እያለቀሰች ነበር፤ አልሰጠችኝም።» ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አልተቀየምኳትም» አለ።

በመስቀለኛ ጥያቄ ጠበቃው የሚጠበቀውን ጠየቁ። «ከዚህ በፊት ከዚህች ሴት ጋር ተነጋግረሃል?» ስለ ራሴ የቀረበውን ጥያቄ በራሴ አፍ ጠየቅሁት። «አዎ» አለ። «ምን ብለህ እንድትናገር ነገረችህ?» ልቤ ቆመ። ልጁ ጣቱን እየቆጠረ «ያወቅኸውን አውቃለሁ በል፤ ያላወቅኸውን አላውቅም በል፤ አንዱን ረሳሁት» አለ።

ተከሳሹ ጥፋተኛ ተባለ፤ በእስራት ተቀጣ። ይህንን በአንድ መስመር የማልፈው ቀላል ስለሆነ አይደለም። ፍርዱ በተነበበ ዕለት እሷ እዚያ አልነበረችም፤ ልብስ እያጠበች ነበር። እኔ ደውዬ ነገርኳት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ፣ በዚያ ሁሉ ወራት ፖሊስም ዐቃቤ ሕግም እኔም ያልጠየቅናትን ነገር አነሣች። «እትዬ፣ የአራት ወር ደመወዜስ?»

ስልኩን ይዤ አፈርኩ። የወንጀል ሕጉ የተበደለ ሰው በዚያው በወንጀሉ ክስ ላይ ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 101 ነው። ለሌሎች በሥልጠና ላይ የማስተምረው አንቀጽ ነው። በእሷ መዝገብ ላይ ግን ማንም፣ እኔን ጨምሮ፣ አንድ ገጽ አልጻፈም። ደመወዙ ደግሞ ከካሳውም በፊት ያለ፣ በላቧ የሠራችው ነው። እኛ ስለ ክብሯ፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ምስክርነት ጥንካሬ ስናወራ እሷ 4,800 ብር ትቆጥር ነበር። በዚያ ገንዘብ ታናሽ ወንድሟን ልታስመዘግብ ነበር የፈለገችው። ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማገኘው ተበዳይ ጋር ስቀመጥ፣ ከሕክምናውና ከቃል መስጠቱ ቀጥሎ «ማን የአንቺ ዕዳ አለበት? አንቺስ ምን ቀረብሽ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ረጅሙ መልስ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

በነጻ የሕግ ድጋፍ ከሚሰጡ ወጣት ጠበቆች አንዷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈችልን። ሁለት ሳምንት አለፈ። ከዚያ አሠሪዋ «ትምጣና ትውሰድ» አለች። ደጁ ድረስ ሄድን፤ የጉሊቷ እናትም ጉሊታቸውን በጆንያ ሸፍነው አብረውን መጡ። ከግቢው በር አልገባንም። ሴትየዋ ምንም ሳትናገር ገንዘቡን ቆጥራ በበሩ ክፍተት ሰጠች። ልጅቷ ተቀብላ እዚያው ቆማ እንደገና ቆጠረችው። አልቸኮለችም። ሲሞላላት መቀነቷን ፈታች፤ ያ አራት ቦታ የታጠፈ መጥሪያ አሁንም እዚያ ነበር። ብሩን በእሱ ጠቀለለችው።

«ወረቀቱንስ አሁን ጣይው፤ አልቋል እኮ» አልኳት።

«ይቆይ» አለች፤ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ አሠረች።